ከደረቅ ቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት፦ የረጲ ተሞክሮ

ከከተሞች የሚሰበሰበውን ደረቅ ቆሻሻ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል መለወጥ በቅድሚያ የቆሻሻ አወጋገድ ሥራ ሲሆን፣ የሚገኘው ኃይል የዚሁ ሥራ ተጨማሪ ጥቅም ነው። በዘርፉ የሚወሰኑ ውሳኔዎችም በዚህ ቅደም ተከተል ሲመዘኑ ውጤታማነታቸው የጎላ ይሆናል።

ኃይሉን ለማመንጨት ሁለት ዋና ዋና ስልቶች አሉ። የመጀመሪያው ቆሻሻው በማጠራቀሚያ ሥፍራ ተቀብሮ ሲበሰብስ የሚፈጠረውን ሜቴን የተባለ ጋዝ በቧንቧ ሰብስቦ የጋዝ ሞተር ማንቀሳቀስ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከተማ በማሪያንሂልና በቢሳሳር መንገድ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች በዚህ ስልት ተጠቅማለች። ሁለተኛው ቆሻሻውን በምድጃ በማቃጠል በሚገኘው ሙቀት ውኃን ወደ እንፋሎት ለውጦ ተርባይን ማሽከርከር ሲሆን፣ የአዲስ አበባው የረጲ ማመንጫ የተገነባው በዚህ ስልት ነው።

በረጲ የሚገኘውና በተለምዶ ቆሼ በመባል የሚታወቀው ሥፍራ ከ50 ዓመታት በላይ የመዲናዋ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቆይቷል። በምትኩ ሰንዳፋ አካባቢ የተገነባው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ሳቢያ በዚያው ዓመት በመቋረጡ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀናት ብሔራዊ የኀዘን ቀን ማወጁ ይታወሳል።

ግንባታው ከአደጋው አስቀድሞ የተጀመረው የረጲ ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ተመርቋል። በዕቅዱ መሠረት በቀን 1 ሺህ 400 ቶን ቆሻሻ በማቃጠል በዓመት 185 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ በአማካይ ከ21 ሜጋ ዋት ገደማ ጋር የሚመጣጠን ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲታይ፣ የረጲ ድርሻ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። በመሆኑም የማመንጫው ፋይዳ በዋነኛነት የሚለካው ወደ ክምሩ ሳይሄድ በቀረው ቆሻሻ መጠን ነው።

የማቃጠል ስልት ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው በቆሻሻው ዓይነት ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአብዛኛው የአትክልት፣ የፍራፍሬና የምግብ ተረፈ ምርት በመሆኑ እርጥበቱ ከፍተኛ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል ከሚገኘው ሙቀት ከፊሉ ውኃውን ለማትነን ስለሚውል ለኃይል የሚተርፈው ይቀንሳል፤ በክረምት ወራት ደግሞ ችግሩ ይባባሳል። ስለዚህ ቆሻሻን ከየቤቱ ጀምሮ መለየት፣ የሚበሰብሰውን ለማዳበሪያነት ማዋልና በማጓጓዝ ወቅት ከዝናብ መጠበቅ የማመንጫው ሥራ አካል ተደርገው መታየት ይኖርባቸዋል። ይህም ከማመንጫው ግቢ ይልቅ በየወረዳው በማኅበር የተደራጁ ቆሻሻ ሰብሳቢዎችንና ነዋሪውን የሚመለከት ተግባር ነው።

ጢሱም ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። መርዛማ ውሕዶች እንዳይፈጠሩ ጋዙ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት ቢያንስ ለሁለት ሰከንድ መቆየትና ከመለቀቁ በፊት መጣራት አለበት። ቆሻሻው ሲቃጠል የሚይዘው ቦታ እስከ 90 በመቶ ቢቀንስም፣ አመዱ በጥንቃቄ የሚወገድበት ሥፍራ ያስፈልገዋል።

ማመንጫው የዕለት ቆሻሻን የሚቀበል እንጂ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸውን የሚያነሳ አይደለም። ነባሩን ክምር ከመደርመስ ለመታደግ ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ የፉኩኦካ ስልት ሥራ ላይ ውሏል። ስልቱ በቧንቧዎች አማካይነት ፍሳሹን የሚያስወጣና ወደ ክምሩ አየር የሚያስገባ በመሆኑ የሜቴንን መፈጠር ይቀንሳል፤ በዚህም ከክምሩ ሊገኝ የሚችለውን ጋዝ ትቶ የነዋሪዎችን ደኅንነት ያስቀድማል። ለሌሎች ከተሞችም ከረጲ የሚገኘው ትምህርት ማመንጫ ከማቀድ በፊት የቆሻሻውን ዓይነት ማጥናት፣ የመለየት ሥርዓት መዘርጋትና ማመንጫው ሲቆም ቆሻሻውን የሚቀበል አስተማማኝ ሥፍራ ማዘጋጀት እንደሚገባ ነው።