ክርስትና ያልተነሣው ጥይት

በአገራችን ጠመንጃ ወደ ሰው እጅ የገባው ስሙን ይዞ ነው። ስናይደር ሰናድር፥ ፉዚ ግራ ውጅግራ፥ ማንሊከር ምንሽር እየተባለ የባዕዱ ስም በባላገሩ አፍ ተፈጭቶ ተቦክቶ ያገሩን መልክ ቢይዝም፥ ከስሙ በስተኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ የታወቀ አባት ነበረው፤ ይኸውም አንድ መንግሥት መርምሮ የተቀበለው፥ አንድ ፋብሪካ በመቶ ሺህ ያባዛው፥ አንድ ሠራዊት የታጠቀው ሥራ መሆኑ ነው። ጥይቱም እንደዚሁ ልኩ የታወቀ ስለ ነበረ፥ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

በአሜሪካ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ፥ አባቱ ያልታወቀ ሳይሆን አባቱ ልጄ ብሎ ያልተቀበለው አንድ ነገደ ጥይት ተነሥቷል። አሜሪካኖች «ዋይልድካት» ይሉታል። ትርጓሜው የዱር ድመት ሲሆን፥ ቃሉ አስቀድሞ በቂ ወርቅና ብር ሳይኖራቸው የወረቀት ገንዘብ ያወጡ ለነበሩ ለ19ኛው መቶ ዓመት ባንኮች፥ ኋላም ዘይት መኖሩ ባልታወቀ ምድር ለሚቈፈር ጕድጓድ የተሰጠ ስም ነው። ጥይቱም ስሙን የወረሰው፥ ፋብሪካ ሠርቶ የማይሸጠው፥ በፋብሪካዎች መዝገብ ያልተጻፈ፥ አንድ ባለ እጅ በራሱ መሣሪያና በራሱ ልክ ከሌላ ጥይት ቀለህ የሚያወጣው ስለ ሆነ ነው። እኔ ግን ክርስትና ያልተነሣ ጥይት ልበለው፤ ታሪኩ ከልደት ወደ ጥምቀት የሚሄድ ነውና፤ አብዛኛውም ሳይጠመቅ ቀርቷል።

የነገዱ አባት ጀርመናዊ ነው። በ1838 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው በኦበርንዶርፍ የተወለደው ፓውል ማውዘር፥ ዕድሜውን በሙከራ ከፈጀ በኋላ የጀርመን ሠራዊት በ1898 የተቀበለውን ጠመንጃ አበጀ። የዚህ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር መወርወሪያ ወደ ፊት ተገፍቶና ዞሮ በሁለት ጆሮዎች ይቈለፋል፤ እነዚያ ቢከዱ እንኳ ሦስተኛ ጆሮ ከኋላ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት በኩባ ደሴት፥ በሳን ሁዋን ኮረብታ፥ አሜሪካኖች ስፔናውያን የያዙትን የ1893ቱን የማውዘር ጠመንጃ በገዛ ሥጋቸው ቀምሰው አወቁት። ድሉ የአሜሪካኖች ሆነ፤ ምስጋናው ግን የጠላት ጠመንጃ ሆነ። ስለዚህም በ1903 የአሜሪካ መንግሥት ስፕሪንግፊልድ በተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ያሠራው አዲስ ጠመንጃ የማውዘርን ጥበብ እጅግ የተከተለ ከመሆኑ የተነሣ፥ መንግሥቱ ለማውዘር ኩባንያ 200,000 ዶላር የባለቤትነት ዋጋ ለመክፈል ተገደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1906፥ ለዚህ ጠመንጃ አዲስ ጥይት ተሰጠው፤ ስሙም ከአፈሙዙ ስፋትና ከልደት ዓመቱ ተወስዶ 30-06 ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምለምነው አንድ ትንሽ ልክ አለ። በ1888 ጀርመኖች ለጠመንጃቸው ያወጡት ጥይት የግርጌው ስፋት 12 ሚሊሜትር ያህል ነበረ። ይህ ልክ ወደ ስፔኑ 7 ሚሊሜትር ማውዘር፥ ከዚያም ወደ አሜሪካው 30-06 ሳይለወጥ ተላለፈ ማለት ይቻላል። መቀርቀሪያው ጥይቱን የሚቀበለውና የሚጐትተው በግርጌው ስለ ሆነ፥ አሮጌ የጦር ጠመንጃ የገዛ ባለ እጅ አፈሙዙን ሊለውጥ፥ ሰደፉን ሊጥል፥ የቀለሁን አንገት ሊያጠብና ሊያሰፋ፥ ትከሻውን ሊገፋ ይችላል፤ ግርጌውን ለመለወጥ ግን የመቀርቀሪያውን ፊት መቅረጽ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ነፃ ነኝ ብሎ በጓሮው የሚፈላሰፈው ባለ እጅ ሁሉ ሳያስበው በበርሊን የጦር ሹማምንት በወሰኑት ክብ ውስጥ ይሠራ ነበር። የ1906ቱ ጥይት ኒድነር የተባለ ባለ እጅ ያወጣውን 25 ወለደ፤ የዌለንን 35 ወለደ፤ የ7 ሚሊሜትሩ ማውዘርም የሮበርትስን 257 ወለደ። የትውልዱን ሐረግ ወደ ላይ የተከተለ ሁሉ መጨረሻው ወደዚያ ክብ ይደርሳል።

የጦር ጠመንጃን የመለወጡ ነገር የጀመረው ከእንጨት ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲሻገር፥ ሰደፉ ለእርሱ አካል ተስማምቶ የተሠራ አንድ ስፕሪንግፊልድ ይዞ ነበር። በ1905 የወጣ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ትርፍ መሣሪያ ለተኳሾች ማኅበራት እንዲሸጥ ፈቅዶ ስለ ነበር፥ ተራው ሰውም በርካሽ ዋጋ የጦር ጠመንጃ ያገኝ ጀመር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሰውም ወታደር የማረከውን ማውዘር በሻንጣው ይዞ ገባ። ለጦር የተሠራ ሰደፍ ግን ወፍራም፥ ጐባጣና ለወታደር ሁሉ በአንድ ልክ የተቈረጠ ነው። የሎስ አንጀለሱ ሉዊስ ውንድሃመርና የኒው ዮርኩ ሲይሞር ግሪፊን ይህን እንጨት አውልቀው በመልካም የዋልነት እንጨት ተኩ። ግሪፊን በሙያው የቤት ዕቃ አናጢ ነበረ፤ ይህም በእኔ አስተያየት የዚህን ሙያ ጠባይ ከማናቸውም ነገር ይልቅ ይገልጣል፤ የጦር መሣሪያውን ካለዘቡት ከመጀመሪያዎቹ እጆች አንዱ የወንበርና የጠረጴዛ ሠሪ እጅ ነውና።

ከሰደፉ እንጨት ወደ ቀለሁ ናስ የተሻገሩትም ከመንግሥት ቤት ሳይርቁ ነው። ጄምስ ሃው በፊላዴልፊያ በሚገኘው በፍራንክፎርድ የጦር መሣሪያ ቤት የሚሠራ ባለ እጅ ሲሆን፥ አለቃው ኰሎኔል ታውንሴንድ ዌለን በዘመኑ ስለ ጠመንጃ ከጻፉት ሁሉ የተከበረ ጸሐፊ ነበረ። ሃው በ1922 የ30-06ን አንገት አስፍቶ ከባድ አረር እንዲሸከም አደረገና ጥይቱን በአለቃው ስም 35 ዌለን አለው። በማግሥቱ ዓመት ከግሪፊን ጋር ኩባንያ አቁሞ ጥቂት ወራት ብቻ ቈይቶ ቢወጣም፥ ኩባንያው የሁለቱን ስም እንደ ያዘ ኖረ። እንዲህ ያለ ነገር በባልና ሚስት ዘንድም ይታያል።

የሥራው ምሥጢር ናስ ታዛዥ መሆኑ ነው። ብረትን እሳትና ውሃ ሲያጠነክሩት፥ ናስን ግን እሳት ያለሰልሰዋል፤ የሚያደነድነው መቀጥቀጥና መጨመቅ ነው። ስለዚህ ባለ እጁ ቀለሁን በብረት ቅርጽ ውስጥ እየጨመቀ አንገቱን ያጠባል፤ ናሱ ሲደነድንና ሊሰነጠቅ ሲቃረብ በእሳት ያባብለዋል። ከዚህም የሚደንቀው ሁለተኛው ስልት ነው። ጥይቱ የሚያድርበትን የጠመንጃውን ክፍል ከቀለሁ ጥቂት አስፍቶ ከቈረጠ በኋላ፥ ነባሩን የፋብሪካ ጥይት በዚያ ውስጥ ይተኵሰዋል፤ ናሱም በባሩዱ ኃይል ተነፍቶ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ይለጠፍና አዲሱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ተኵስ ለቀለሁ መወለጃ ነው፤ ዒላማው ይመታ አይመታ ዋነኛው ጕዳይ አይደለም።

በዚህ ስልት ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው ፓርከር ኦቶ አክሊ ነው። በ1903 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ፥ በ1936 በኦሪገን በሮዝበርግ ከተማ የሌላ ባለ ሙያ የጠመንጃ መሥሪያ ቤት ገዛ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት በትሪኒዳድ ከተማ ኰሌጅ ለብዙ ደቀ መዛሙርት ሙያውን አስተማረ። የአክሊ ጥይት የሚታወቀው የቀለሁ ጎን ቀጥ፥ ትከሻው ስል ሆኖ በመቆሙ ነው፤ የትከሻው ማዕዘንም 40 ዲግሪ ነው። መልካምነቱ ነባሩ የፋብሪካ ጥይትም በዚያው ጠመንጃ ስለሚተኰስ፥ ባለ ጠመንጃው በበረሃ ጥይት ቢያልቅበት ከመንደር ሱቅ ገዝቶ መቀጠል መቻሉ ነው። አክሊ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ከእነዚህ ግኝቶች ብዙዎቹ ትርፍ የሌላቸው መሆናቸውን ከመናገር አልተመለሰም፤ ነጋዴ የራሱን ዕቃ ሲነቅፍ ማየት ብርቅ ነው። ከሥራዎቹም አንዱ ፌዝ ነበረ፤ በጀርመንኛ ቅላጼ «ጆሮ ሰንጣቂ ነጐድጓድ» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጥቶ፥ ለዝሆን አደን ከሚሆን ታላቅ ቀለህ ጥቃቅን አረር የሚተኵስ ጥይት ሠራ። አረሩ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል እንዲበር ታስቦ ነበር፤ ከ1,400 ብዙም ሳያልፍ ቀረ።

ቀለሁ ቢታዘዝም መቀርቀሪያውን የያዘው ብረት ሁልጊዜ ይታመናል ማለት አይደለም። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብረቱን በእሳት የሚያግሉት ሠራተኞች የግለቱን መጠን የሚያውቁት በዓይናቸው ነበረ፤ ልምዳቸው ረጅም፥ እጃቸውም የታመነ ነበረ። ነገር ግን በ1917 ጥቂት ጠመንጃዎች በተኳሹ ፊት ስለ ተሰበሩ ምርመራ ቢደረግ፥ ፀሐይ ደምቃ በምትገባበት ቀን የጋለው ብረት ለዓይን የደበዘዘ ስለሚመስል፥ በደመና ቀን ተገቢ ከሚመስለው እስከ 300 የፋራናይት ዲግሪ አብልጠው ያግሉት እንደ ነበረ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ገባ፥ የብረቱም አያያዝ ተለወጠ፤ በስፕሪንግፊልድ ተሠርተው ቍጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ይታያሉ። ተኳሹ ጠመንጃውን ሲገዛ የትኛው በፀሐይ፥ የትኛው በደመና ቀን እንደ ተሠራ ማን ይነግረዋል?

አክሊም የትኛው ብረት እንደሚታመን ለማወቅ የየአገሩን አሮጌ የጦር ጠመንጃ እየሰበሰበ፥ እስኪሰበር ድረስ ባሩድ እያበዛ ፈተነ። በዚያን ዘመን ጃፓን የሠራችው ሁሉ ይናቅ ነበርና፥ ማውዘሩና ስፕሪንግፊልዱ ይጸናሉ፥ አሪሳካ የሚባለው የጃፓኑ ይወድቃል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ከሁሉ የጸናው አሪሳካው ሆኖ ተገኘ። የንቀትን ፍርድ እንዲህ በአደባባይ የሻረ ፈተና ጥቂት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ሁሉ ግምጃ ቤት በአሮጌ ጠመንጃ ተጨናነቀ፤ በ1953 ኢንተርአርምኮ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው ሳሙኤል ከሚንግስም ከየአገሩ እየገዛ ወደ አሜሪካ አጐረፈው። ጠመንጃ በጋዜጣ ማስታወቂያ ታዝዞ በፖስታ የሚመጣበት፥ ሠራተኛው በቅዳሜና እሑድ በጓሮው በመጋዝና በሞረድ አደን የሚወጣበትን ጠመንጃ የሚያበጅበት ዘመን ነበረ። የዚህ ዘመን ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ የተገዛ የኢጣልያ ሠራዊት ትራፊ ነበረ፤ በ1968 የወጣውም ሕግ የፖስታውን ሽያጭና የአሮጌ የጦር መሣሪያን ማስገባት ዘጋ።

ሕጉ በሩን ሲዘጋ፥ የዱር ጥይቶቹ ጥምቀት፥ ማለትም በፋብሪካ መዝገብ መግባታቸው፥ ግን ተፋጥኖ ነበር። ኔድ ሮበርትስ ከማውዘሩ ጥይት ያወጣውን ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ በ1934 የክርስትና አባት ሆኖ 257 ሮበርትስ ብሎ አጥምቆት ነበር። 22-250 የሚባለው፥ ሳቬጅ ከተባለ ፋብሪካ ጥይት የተወለደው፥ ሠላሳ ዓመት ያህል በዱር ከኖረ በኋላ በ1965 ተጠመቀ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ገቢ የተባለ ባለ እጅ የመጀመሪያ ስሙን በሕግ የግሉ አድርጎት ስለ ነበር፥ ሌሎች በቍጥር ሊጠሩት ተገደው ነው ቍጥሩ ስም ሆኖ የቀረው። የኒድነር 25 ከ1920 ጀምሮ ደጅ ጠንቶ በ1969 ገባ። የሃው 35 ዌለን ግን፥ ምንም እንኳ የታላቅ ሰው ስም ቢሸከም፥ እስከ 1988 ድረስ ከ60 ዓመት በላይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ፤ በዚያን ጊዜም ዌለን ከሞተ 27 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

ዛሬ ፍርዱ ተገልብጧል። ሰደፉ የተቈረጠ፥ ምልክቱ የተፋቀ፥ አፈሙዙ የተለወጠ ስፕሪንግፊልድ፥ የታዋቂ ባለ እጅ ሥራ ካልሆነ በቀር፥ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከቈየው ወንድሙ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። በጓሮው ያን ሁሉ የደከመው ሰው ያገኘው ጥሩ ጠመንጃ ነበረ፤ የልጅ ልጆቹ የፈለጉት ግን አሮጌውን ሆነ። በቅርቡ ዓመታት ደግሞ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት የወጡ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች በዚያው በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ቀርበዋል፤ በቤልጅግ ፋብሪካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተሠሩ ማውዘሮችም ከመካከላቸው አሉ። በቤቱ የአያቱን ጠመንጃ የሰቀለ አንባቢ ካለ፥ ቢያንስ መጋዝና ሞረድ አያስጠጋበት።