ዲማና ገለዓድ

አስፈሪ መጪ ዘመንን የሚተርክ ልብ ወለድ ሲነበብ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ትንቢት ይመለከተዋል። እኛ ግን እንደ ታሪክ ሊነበብ ይገባዋል እንላለን። ካናዳዊቱ ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ባሳተመችው መጽሐፍ ገለዓድ የሚባል መንግሥት አቁማለች። በዚያ አገር ለእነዚያ ሴቶች ማንበብ ክልክል ነው፤ የሱቅ ሰሌዳ እንኳ ፊደሉ ተፍቆ ሥዕል ብቻ ቀርቶለታል፤ ባለታሪኳም የምትጠራው በራሷ ስም ሳይሆን በጌታዋ ስም ነው። ደራሲዋም ሰዎች ቀድሞ በአንድ ስፍራ ያላደረጉትን ነገር በመጽሐፉ እንዳላስገባች ደጋግማ ተናግራለች።

የጎጃም አንባቢ ይህን ቃል ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻውም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣቱን በዛብህን ከማንኩሳ አስነሥተው ወደ ዲማ ወስደውታል። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች አገር ናት። በዲማ ደግሞ ሰብለ ወንጌል አለች። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ጠያቂዋን ሁሉ ሲመልሱ የማግቢያዋ ጊዜ ያልፋል። እንግዲህ ግፉ ሳይፈቅዱ መዳር ብቻ አይደለም፤ ፈቅዶ ማግባትን መከልከልም ያው ግፍ ነው፤ በሁለቱም ፈቃዷን የጠየቀ የለምና።

ነገሩ በልብ ወለድ ብቻ የቀረ አልነበረም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ ተጠላፊዋ ፈቅዳ ካገባችው ጠላፊው ከክስ የሚድንበትን በር ትቶለት ነበር። በጠላፊና በሽማግሌ መካከል የቆመች ልጅ ፈቃድ ምን ያህል የራሷ እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። የ1952ቱም የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። ይህ ልዩነት የተነሣው በ1992 በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ሲሆን፣ የአማራ ክልልም በ1995 ተከተለ። የጠለፋው በር የተዘጋው ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ 47 ዓመት ያህል ክፍት ኖሯል።

ከዚሁ ምድር ሌላም ምስክር አለን። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሳሉ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ሰብለ ወንጌልንም ከበዛብህ ጋር ያገናኛት ትምህርት ነበር። ገለዓድ ሴትን ከፊደል የከለከለችው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጉ ተሻሽሏል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን ከገጠራችን ገና አልጠፋም። ስለዚህ አንባቢ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ፣ በመንደሩ ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ስለ ምን እንደ ቀረች ይጠይቅ።