ከጉባኤ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ የተማሪ ቀጣይ መንገድ በዲማና በጎጃም

አንድ ወጣት ትምህርቱን ሲፈጽም ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና አካባቢ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ታሪክ ግን ጥያቄው የቆየ፣ መልሱም የራሱ ሥርዓት የነበረው መሆኑን ያስረዳል።

በቤተ ክህነቱ ትምህርት እያንዳንዱ ደረጃ ወደ አንድ የታወቀ ሙያ ያደርስ ነበር። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ቅዳሴ ቢማር ዲያቆን፣ ቆይቶም ቄስ ይሆናል። ዜማ ቤት የገባው ድጓውንና አቋቋሙን ይዞ በማኅሌት ያገለግላል። ቅኔ የተቀኘው የግዕዝን ሰዋስው ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በመምህርነትም፣ በመኳንንት ቤት በጸሐፊነትም ይፈለግ ነበር። መጻሕፍት ቤት የዘለቀው ብሉዩንና ሐዲሱን ከነትርጓሜው አደላድሎ ጉባኤ ይዘረጋል። ዜማውን ፈላጊ ወደ ጎንደርና ወደ ጋይንት ሲጓዝ፣ ቅኔ ፈላጊ ከየአውራጃው ወደ ጎጃም ይጎርፍ ነበር። ዲማም ከእነዚህ ስመ ጥር ጉባኤያት አንዱ ነው።

ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚኖር ቢሆንም፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ደረጃና ሙያውን የያዙትን ሰዎች በየቀኑ በዓይኑ ያያል። የበረታውም አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ስለሚያስተምር፣ መምህርነትን ከምርቃቱ አስቀድሞ ይሞክረዋል። አልሆንልህ ያለውን ትቶ ወደ ሌላ የኔታ መሄድም ነውር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ልጆች አይገቡበትም ነበር። የእጅ ጥበብ የተናቀ በመሆኑ የትምህርት መንገድ ተደርጎ አይቆጠርም። በብዙ ቤትም የልጁን ዕጣ የሚወስነው ወላጅ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህንኑ ያሳያል፤ በዛብህ ገና በሕፃንነቱ በወላጆቹ ስዕለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነውና፣ ስዕለቱ ዲማ ድረስ ይከተለዋል።

የመጽሐፉ ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ሁለቱን መንገዶች ያገናኙ ሰው ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በጉምሩክ ሠራተኝነት፣ በደብረ ማርቆስ በትምህርት ቤት ኃላፊነት፣ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ጥቂት ስለነበር መንግሥት ተማሪውን ሳይጨርስ እንኳ ይቀጥረው ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ግን በሩ እየጠበበ፣ ጠባቂው እየበዛ ሄደ። የ12ኛ ክፍል ፈተና መንገድ ለዪ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ ወደ ሥራ እንዲሰማራ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፈውም ጥቂቱ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ዓላማው ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ ነበር። መምህራንና ወላጆች ግን የድኻው ልጅ መንገድ በአራተኛ ክፍል ሊዘጋ ነው ብለው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጎን የዚህ ጥናት መሰረዝ ነበረበት። መንግሥትም ጥናቱን ለማቆም ተገደደ።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በዝተዋል፤ ደብረ ማርቆስም የራሷ አላት። ነገር ግን ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ የማካካሻ ትምህርት የተዘጋጀው ለከፊሉ ነው። ቀሪው ወጣት ከአንዱ በር ሲመለስ ሌላውን በር የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

የዲማ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሚያስተላልፈው ቁም ነገር ወደ ደበሎና ወደ አኩፋዳ እንመለስ የሚል አይደለም። ተማሪው ከያንዳንዱ ደረጃ በኋላ የትኛው ሙያ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይወቅ፣ ሙያውን በትምህርት ላይ ሳለ ይሞክረው፣ ባይሆንለትም ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ወደቀ አይቆጠር የሚል ነው። የ1966 ዓ.ም. ተሞክሮ ደግሞ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ መንገዱን ለወጣቱ የሚያቅድለት ሁሉ፣ ወላጅም ሆነ መንግሥት፣ ባለጉዳዩን ሳያማክር የነደፈው ዕቅድ አይጸናም።