ሞርሞን ፕሬዚዳንት መሆን ይችላል?

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። አሜሪካኖችም ይህን የመሰለ ሐሳብ በ1787 በጻፉት ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብተውታል፤ አንቀጽ 6 ለመንግሥት ሥልጣን ሃይማኖት መመዘኛ ሊሆን አይችልም ይላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ እንዲህ ካለ ታዲያ የቀድሞው የማሳቹሴትስ ገዥ ሚት ሮምኒ በ2007 ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ስለ እምነቱ ንግግር ማድረግ ለምን አስፈለገው? ሞርሞን ስለሆነ ነዋ! ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ከኒውዮርክ እስከ ጨው ሐይቅ

ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረተው በ1830 በኒውዮርክ ግዛት ነው። መልአክ ባሳየኝ የወርቅ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፎ አገኘሁት፣ ተረጎምኩት ያለውን መጽሐፈ ሞርሞንን ያሳተመውም በዚያው ዓመት ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ መምጣቱ ጎረቤቶቹን አስቆጣ። ጠቡ ግን የመጽሐፍ ጠብ ብቻ አልነበረም። ሞርሞኖች አንድ ላይ ይሰፍራሉ፣ መሬት ይገዛሉ፣ በምርጫም አንድ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። በትንሽ አውራጃ ውስጥ ይህ ማለት ሥልጣን ማለት ነው።

በ1838 የሚዙሪ ገዥ ሊልበርን ቦግስ፣ ሞርሞኖች እንደ ጠላት ተቆጥረው እንዲጠፉ ወይም ከግዛቱ እንዲባረሩ በጽሑፍ አዘዘ። በዚያው ሳምንት ሃውንስ ሚል በተባለ ስፍራ 17 ሰዎች ተገደሉ። ትእዛዙ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው። አዎ፣ ከ138 ዓመት በኋላ!

ስሚዝ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ኢሊኖይ ተሻገረ። እዚያ ከንቲባም የሚሊሻ አዛዥም ሆነ፤ በ1844 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። በዚያ ዓመት ከእርሱ የተለዩ ሰዎች ጋዜጣ አቋቁመው በምስጢር ብዙ ሚስት ማግባቱን አጋለጡ። የከተማው ምክር ቤትና ከንቲባው ስሚዝ ማተሚያ ቤቱ እንዲወድም አደረጉ፤ ጋዜጣው ከአንድ እትም አላለፈም። በዚህ የተነሳ ስሚዝ ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ገብተው እርሱንና ወንድሙን ገደሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ተበዳይ መሆን ሰውን ጻድቅ አያደርገውም። ጋዜጣ ያስዘጋው ራሱ ሲሳደድ የኖረው ሰው ነው። በ1857ም የሞርሞን ሚሊሻዎች በዩታ በኩል ወደ ካሊፎርኒያ ሲያልፉ የነበሩ 120 ያህል መንገደኞችን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ገድለዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ለጥቁር ወንዶች ክህነት የፈቀደችው በ1978 ነው። ይህን ሁሉ ሳንደብቅ ነው ስለ መብታቸው መናገር ያለብን።

እምነትህን ያዝ፣ ሚስቶችህን ተው

ከስሚዝ በኋላ ብሪገም ያንግ በ1847 ሕዝቡን ይዞ ያኔ የሜክሲኮ ግዛት ወደነበረው ወደ ጨው ሐይቅ ሸለቆ ተሰደደ። በ1852 ብዙ ሚስት ማግባት የእምነታችን ክፍል ነው ብለው በይፋ አወጁ። አዲሱ የሪፐብሊካን ፓርቲ በ1856 ባወጣው ፕሮግራም ይህን ልማድ ከባርነት ጋር አዳብሎ ከአረመኔነት ቅሪቶች ቆጠረው። በባርነት ላይ ልክ ነበሩ፤ በጋብቻው ላይም ብዙዎቻችን የምንስማማ ይመስለናል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1879 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት እምነትን መንካት አይችልም፣ ድርጊትን ግን መከልከል ይችላል ሲል ፈረደ። መልካም። ነገር ግን የአይዳሆ ሕግ ብዙ ሚስት የሚያስተምር ድርጅት አባል የሆነን ሰው ሁሉ ከመምረጥ አገደ፤ ሰውየው አንዲት ሚስት ብቻ ቢኖረውም! በ1890 ፍርድ ቤቱ ይህንንም አጸደቀው። በ1887 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱን ንብረት ከመውረስ አልፎ የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ የነበራቸውን የመምረጥ መብት ነጠቀ። ሴቶቹን ከጭቆና እናወጣለን ያለው ኮንግረስ ድምፃቸውን ቀማቸው ማለት ነው። በ1890 ቤተ ክርስቲያኒቱ እጇን ሰጠች፣ ብዙ ሚስት ማግባትንም እንደምትተው አስታወቀች። በ1896 ዩታ ሙሉ ክፍለ ግዛት ሆነች።

17 ከመቶ፣ 18 ከመቶ

አሁን ወደ ሮምኒ እንመለስ። ጋሉፕ በ1967 አሜሪካኖችን ሲጠይቅ 17 ከመቶው ብቁ ቢሆንም ሞርሞን አንመርጥም አሉ። በ2012 ሲጠይቅ 18 ከመቶ! በመካከሉ ጥቁር ፕሬዚዳንት ተመርጧል፣ ይህች ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለችም።

በ2011 የቴክሳሱ ፓስተር ሮበርት ጄፍረስ ሞርሞንነት «ካልት» ነው፣ ሮምኒም ክርስቲያን አይደለም ብለው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን እኚሁ ፓስተር ኦባማን ለመጣል ሮምኒን ደገፉ። በምርጫው ቀንም ከነጭ ወንጌላውያን ከአምስቱ አራቱ ያህል ድምፃቸውን ለሞርሞኑ ሰጡ። በመጽሐፈ ሞርሞን ላይ ያላቸው አቋም የተለወጠ አይመስለንም። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው የሚባለው ሆኖ እንጂ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ «እገሌ እውነተኛ ክርስቲያን ነው ወይ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ «ሥልጣኑን ማን ይያዘው?» የሚለውን ጥያቄ በውስጡ ይዞ እንደሚመጣ ነው። ሕገ መንግሥት መንግሥትን ሊከለክል ይችላል፣ መራጩ በልቡ የሚያስቀምጠውን መመዘኛ ግን የሚሽር አንቀጽ የለም። እሱን መሻር የራሱ የመራጩ ፈንታ ነው።

አንድ ነገር እናክልና እናብቃ። በጥር 1985፣ አገራችን በረሃብ ስትጠበስ፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሞርሞኖች አንድ እሑድ ጾመው ለምግብ የሚያወጡትን ገንዘብ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ከፊሉም በካቶሊክ የረድኤት ድርጅት በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከሞርሞን ተነስቶ በካቶሊክ እጅ አልፎ ለኦርቶዶክሱና ለሙስሊሙ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ የማን ክርስትና እውነተኛ ነው ብሎ የጠየቀ መኖሩን እንጃ!