ከኮሞዶር 64 ወደ አሚጋ፦ የቤት ኮምፒዩተር ለውጥና የባለቤቱ ድካም

በ1980ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤት ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጽሔት ገጾች ላይ የሚያገኘው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ነበር። ዋጋ፣ ፍጥነት፣ የማስታወሻ አቅምና የቀለማት ብዛት ጎን ለጎን ተደርድረው ይቀርቡለታል። ሠንጠረዡ ለአዲስ ገዢ በቂ ነው። አሮጌ መሣሪያውን በሌላ ዓይነት ለመለወጥ ላሰበ ሰው ግን ዋናው ቁጥር ይጎድለዋል፤ ይኸውም እስከዚያ ቀን ድረስ በእጁ ካለው መሣሪያ ላይ ያፈሰሰው ድካም መጠን ነው። የጻፋቸው ፕሮግራሞች፣ ያጠራቀማቸው ዲስኮችና ሌሊት እየተቀመጠ የቀሰመው ዕውቀት ከዋጋው ጋር አልተደመሩም።

ኮሞዶር 64 ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው። መሣሪያው በጃንዩዋሪ 1982 በላስ ቬጋስ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታይቶ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ። 64 ኪሎባይት ማስታወሻ፣ 6510 የተባለ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር፣ 16 ቀለማት፣ እንዲሁም ቦብ ያነስ የነደፈው «ሲድ» የተሰኘ የድምፅ ቺፕ ነበሩት። ዋጋው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። በጠቅላላው የተሸጠው ብዛት ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደሚደርስ ይገመታል።

የመሣሪያው ደካማ ጎን ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋው ነበር። ቋንቋው ሥዕል ለመሥራትም ሆነ ድምፅ ለማሰማት የሚያገለግል አንድም ትእዛዝ አልነበረውም። ስለዚህ ባለቤቱ «ፖክ» በተሰኘው ትእዛዝ የማስታወሻውን አድራሻ በቁጥሩ እየጠራ ሌላ ቁጥር ማስገባት ነበረበት። በ53280 ዜሮ ሲያስገባ የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል፤ 53281 ደግሞ የመደቡን ቀለም ይለውጣል። ከመጽሔት ላይ ፕሮግራም መስመር በመስመር ሲገለብጡ የሚያመሹ ወጣቶች እነዚህን አድራሻዎች እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቋቸው ነበር። ጉድለቱ ሳይታሰብ ጥሩ መሐንዲሶችን ማፍራቱ አይካድም፤ የማሽኑን ውስጠኛ አሠራር ሳያውቁ ምንም መሥራት ስለማይቻል፣ የግድ ተማሩት። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ የተጋባ ነው። 53280 በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለውም።

የኮሞዶር ኩባንያ ይህን ሕዝብ ወደ አዲስ መሣሪያ ለማሻገር በ1985 ዓ.ም. ሁለት መንገዶችን ሞከረ። ሁለቱ መንገዶች ፍጹም ተቃራኒ ነበሩ።

የመጀመሪያው ኮሞዶር 128 ነው። በቢል ኸርድ መሪነት የተነደፈው ይህ ኮምፒዩተር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት ማሽኖችን ያቀፈ ነበር፦ 128 ኪሎባይት ማስታወሻና የተሻሻለ ቤዚክ ያለው አዲስ ማሽን፣ ሲ.ፒ.ኤም. የተባለውን ሥርዓት የሚያሠራ ዜድ 80 ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም አሮጌው ኮሞዶር 64 ራሱ። አዲሱ ቤዚክ ለሥዕልና ለድምፅ የሚሆኑ ትእዛዞች ስለነበሩት ያ ሁሉ የአድራሻ ጥናት አያስፈልገውም ነበር። በምሕንድስና ረገድ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ጽፈው የሚሸጡት ድርጅቶች ቀላል ሒሳብ አሰሉ። ለ64 የተጻፈ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ ለ128 የተጻፈው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛዎቹ ለ64 መጻፋቸውን ቀጠሉ። ገዢውም ለአዲስ ማሽን ገንዘብ ከፍሎ አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ይገለገል ጀመር። የ128 ምርት በ1989 ሲቆም፣ አሮጌው 64 ገና ይመረት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አሚጋ ነው። አሚጋ ከኮሞዶር ቤት የተወለደ አልነበረም። ጄ ማይነርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በራሳቸው ኩባንያ ሲሠሩት ቆይተው ኮሞዶር በኦገስት 1984 ገዛቸው። ማይነር ቀደም ሲል የአታሪን ባለ 8 ቢት ኮምፒዩተሮች ቺፖች የነደፈ ሰው ነው። በአንጻሩ የኮሞዶር መሥራች ጃክ ትራሚየል በጃንዩዋሪ 1984 ከኩባንያው ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ የአታሪን የቤት ኮምፒዩተር ክፍል ገዝቶ፣ አታሪ ኤስ.ቲ.ን በ1985 አወጣ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ልጅ የተለዋወጡ ይመስል ነበር። ታዲያ አዲሶቹ መሣሪያዎች የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ፕሮግራም የማያነቡ መሆናቸው አያስደንቅም።

አሚጋ በጁላይ 23 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ተመረቀ። ሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር፣ 4096 ቀለማት፣ እንዲሁም ሥዕልንና ድምፅን ከፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ የሚያነሡ ልዩ ቺፖች ነበሩት። ዋጋው ያለ ስክሪን 1,295 ዶላር ነበር። በምረቃው ላይ የአይ.ቢ.ኤም. ፕሮግራሞችን ለማሠራት የሚያስችል አስመሳይ ፕሮግራም አብሮ ታየ፤ ሥራው ግን እጅግ ዘገምተኛ ነበር። ኩባንያው በሚሊዮን የሚቆጠሩ የራሱን ደንበኞች ትቶ ለጎረቤት ደንበኞች ድልድይ መዘርጋቱ ዛሬም ለማስረዳት የሚያዳግት ውሳኔ ነው።

የኮሞዶር 64 ባለቤት አሚጋ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የሚገጥመው ችግር ምን እንደሚመስል በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የአሮጌው ዲስክ አንድ ገጽ በ683 ክፍልፋዮች፣ እያንዳንዱም በ256 ባይት የተከፈለ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ይዘቱ 174,848 ባይት ነው። የአሚጋው የዲስክ ማንበቢያ በመጠንም በአጻጻፍ ስልትም ስለሚለይ ይህን ዲስክ ሊያነብ አይችልም። የነበረው አማራጭ ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በገመድ አገናኝቶ ይዘቱን በተርታ ማስተላለፍ ነበር። በሴኮንድ 1200 ቢት በሚያልፍበት መስመር ላይ ለአንድ ፊደል 10 ቢት ቢታሰብ፣ በሴኮንድ 120 ፊደላት ያልፋሉ፤ ለአንድ የዲስክ ገጽ 24 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። መቶ ገጽ ያለው ሰው 40 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ታግሦ ካስተላለፈ በኋላም፣ የኮሞዶር የፊደላት ኮድ ከተለመደው የተለየ በመሆኑ፣ ሳይታረም የተላለፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትንሹ ፊደል ትልቅ ሆኖ፣ ትልቁም ተበላሽቶ ይወጣል። ፕሮግራሞቹማ ቢደርሱም አይሠሩም። ከእነርሱ የሚተርፈው ደብዳቤና የስም ዝርዝር ብቻ ነበር።

ሰዎቹ ግን ውለው አድረው ተሻገሩ። ያሻገራቸው በ1987 የወጣው አሚጋ 500 ነው። ዋጋው በአሜሪካ 699 ዶላር ሲሆን፣ እንደ አሮጌው 64 ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር በአንድ አካል የተሠራ ነበር። በተለይም በምዕራብ አውሮፓ ወጣቶች ዘንድ ተወደደ። ወጣቶች ከነጋዴዎች ይልቅ በቀላሉ የሚሻገሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጨዋታ ፕሮግራም ቶሎ ይሰለቻል፣ የሒሳብ መዝገብ ግን አይጣልም።

በዚያው 1987 በብሪታንያ ሦስተኛ ዓይነት መፍትሔ ታየ። የኤኮርን ኩባንያ ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ የተባለውን ባለ 8 ቢት ኮምፒዩተር በ1981 አውጥቶ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሰፊው አስፍሮት ነበር። ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ፕሮሰሰር የሚቀጠልበት በር ነበረው። ተቀጥላው ፕሮሰሰር የማሽኑን አድራሻዎች በቀጥታ ሊነካ ስለማይችል፣ ኩባንያው ፕሮግራም ጸሐፊዎችን «በሥርዓቱ ደንበኛ ጥሪዎች ብቻ ተጠቀሙ» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ሶፊ ዊልሰን የጻፈችው ቤዚክም ሥዕልና ድምፅን በቋንቋው ትእዛዞች የሚያሠራ ስለነበረ ተማሪው አድራሻ መሸምደድ አላስፈለገውም። ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት አርም የተሰኘ ፕሮሰሰር በኤፕሪል 26 ቀን 1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ከዚሁ ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ ጋር ተቀጥሎ ነው። በ1987 አርኪሜዲስ የተባለው ኮምፒዩተር በአርም ላይ ተመሥርቶ ሲወጣ ቤዚኩ አብሮት ተሻገረ። በቋንቋው ሕግ የተጻፈ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በጥቂት እርማት፣ ያውም በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይሠራ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ችላ ብለው አድራሻ በቀጥታ ለነኩት ደግሞ አሮጌውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ ይህ ግን ሁሉንም አላዳነም።

ከሦስቱ መንገዶች የኤኮርኑ ከሁሉ የበሰለ ነው ማለት ይቻላል። ኮሞዶር 128 አሮጌውን ብረት ተሸከመ፤ አሚጋ ሁሉንም ጣለ፤ ኤኮርን ግን ሰው የተማረውን ቋንቋ ጠብቆ ብረቱን ለወጠ። ይህም ሆኖ ኩባንያውን ከገበያው ጎርፍ አላተረፈውም። በ1990ዎቹ ዓመታት የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ወደ አይ.ቢ.ኤም. ዓይነት ኮምፒዩተሮች ዞሩ። አርም ግን በኖቬምበር 1990 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ከወጣ በኋላ፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል።

ኮሞዶር በኤፕሪል 29 ቀን 1994 መዘጋቱን አስታወቀ። በካርቶን ተከማችተው የቀሩት የ64 ዲስኮች ዕጣ ከዚያ በኋላ የባለቤቶቹ ጉዳይ ሆነ። እነርሱም አሮጌውን የዲስክ ማንበቢያ በአይ.ቢ.ኤም. ዓይነት ኮምፒዩተር የማተሚያ በር ላይ በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ ሠሩ፤ የሽቦውንም አሠካክ እርስ በርስ ተከፋፈሉ። የእያንዳንዱን ዲስክ ገጽ ይዘት ሳይነካኩ በአንድ ፋይል መዘገቡት። የፋይሉ መጠን 174,848 ባይት ነው። አሮጌውን ማሽን በሚያስመስሉ የዛሬ ፕሮግራሞች ውስጥ ይህ ፋይል ይከፈታል፤ በ53280 ዜሮ ሲገባም የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል።