በብረት ላይ ስለሚጻፍ ቃል

ዕቃ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ገዢው እጅ ሲሻገር በመካከሉ ምስክር ያስፈልገዋል። በቀድሞው ዘመን ምስክሩ ሠሪው ራሱ ነበረ፤ ገዢው አንጥረኛውን በስሙና በመንደሩ ያውቀዋልና። ፋብሪካ ከተነሣ በኋላ ግን ሠሪና ገዢ ሳይተያዩ የሚገበያዩ ስለ ሆኑ ምስክርነቱ ወደ ጽሕፈት ተላለፈ። በአሜሪካ የኮልትና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች በሚሸጡበት ሣጥን ጫፍ ላይ የጥይቱ ልክ፥ የአፈሙዙ ርዝመትና የብረቱ ቀለም የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ይኸውም ገዢው ክዳኑን ሳይከፍት በውስጡ ያለውን ያውቅ ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ በአንድ ዓይነት አይመሰክርም። አንዱ ቃል ሊሸጥ ይጻፋል፤ አንዱ ቃል ሊጠብቅ ይጻፋል። ይህንንም የጀርመኑ የማውዘር ሽጉጥ ታሪክ በግልጥ ያሳያል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሽጉጥ አስበው የሠሩት ፊዴል፥ ፍሪድሪክና ዮሴፍ ፌደርለ የሚባሉ ሦስት ወንድማማች ናቸው። ሥራቸውም በኔካር ወንዝ ዳር በኦበርንዶርፍ ከተማ በሚገኘው በማውዘር ፋብሪካ ነበረ። በ1895 የመጀመሪያው ተፈተነ፤ ከ1896 ጀምሮ እስከ 1937 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሠራ። የፈጠራው መብት ግን ፋብሪካው በስሙ በሚጠራው በጳውል ማውዘር ስም ተጻፈ፤ በብረቱም ላይ የተቀረጸው የማውዘርና የከተማው ስም ነው። ሊቃውንት «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ግን ስሙ ወደ ፋብሪካው እንጂ ወደ ሦስቱ ወንድማማች አልመራም። በአገራችንም የጠመንጃው ስም የመጣው እንዲሁ በብረቱ ተጭኖ ነው። ስናድር ከአሜሪካዊው ከያዕቆብ ስናይደር፥ ውጅግራ ከፈረንሳዊው ከግራ፥ ምንሽር ከኦስትሪያዊው ከማንሊኸር ስም ወጡ። የላቲን ፊደል ያልተማረው ወታደር ስሙን በጆሮው ተቀብሎ በገዛ አንደበቱ አለዘበው።

ወደ ማውዘር ሽጉጥ እንመለስ። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ማነጣጠሪያ ይሠራ ነበር። አንደኛው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ተራ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው እንደ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ከፍና ዝቅ የሚል ሆኖ፥ ከ50 ሜትር ጀምሮ በአንዳንዱ ላይ እስከ 500፥ በብዙዎቹም ላይ እስከ 1000 የሚደርስ የርቀት አኀዝ የተቀረጸበት ነው። ለቱርክ መንግሥት 1000 ሽጉጦች በተሠሩ ጊዜ አኀዙ በእነርሱው አጻጻፍ ተቀረጸ፤ ቁጥሩ የገዢውን ቋንቋ እንዲናገር ተደረገ ማለት ነው። የሽጉጡ አፎትም ከእንጨት ተቦርቡሮ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ባዶውን ከእጀታው ጀርባ ጋር ሲያጋጥሙት ሰደፍ ይሆናል። እንግዲህ ሽጉጡ ትንሽ ጠመንጃ ነኝ ይላል።

ግን 1000 የሚለው ቃል ምን ያህል ይታመናል? ፋብሪካው ፈጽሞ ዋሸ አይባልም፤ ጥይቲቱ ሩቅ ትሄዳለችና። ነገር ግን መድረስና መምታት ልዩ ልዩ ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፥ ተኳሹ በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ በ1000 ሜትር ላይ ከዒላማው 4 ሜትር ይርቃል። የሰው እጅ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። በመስከረም 2 ቀን 1898 በሱዳን በኦምዱርማን ጦርነት፥ ትከሻው ተጎድቶ ስለ ነበረ ሰይፍ መያዝ ያልቻለው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በማውዘር ሽጉጥ ተዋጋ። የተኮሰው ግን በፈረስ ግርግር መካከል ሰው ከሰው ፊት ለፊት በሚተያይበት ቅርበት ነበረ። የቬርሳይ ውል በ1919 ከተፈረመ በኋላ አፈሙዙ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን ተደረገ፤ ሆኖም ባጠሩት በአንዳንዶቹ ላይ 1000 የሚለው አኀዝ እንዳለ ቀረ። ብረቱ ሲያጥር ቃሉ አላጠረም።

የአገር ስምም እንዲሁ የንግድ ቃል ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1887 ባወጣው ሕግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘ። አሳቡ የጀርመን ዕቃ ተለይቶ እንዲናቅ ነበረ፤ ነገር ግን ዕቃው መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ የነውሩ ምልክት የክብር ምልክት ሆነ። ይህ ሽጉጥ በብዛት ወደ ቻይና በተላከ ጊዜ በጎኑ ላይ በቻይና ፊደል «በጀርመን የተሠራ» የሚል ተቀረጸበት። ወዲያው በቻይና ልዩ ልዩ የእጅ ሠራተኞች አስመስለው ሠሩ፤ የላቲኑንም ጽሕፈት ንባቡን ሳያውቁ በመልኩ ብቻ ቀዱት። ስለዚህ ፊደሉ የተዛባ፥ ትርጉም የሌለው ጽሕፈት ያለባቸው ሽጉጦች ተገኙ። ያልተረዳ ደብተራ የቀዳው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የተለየች አንዲት አኀዝ አለች። በ1916 የጀርመን ጦር መሣሪያ ስላነሰው 150,000 የማውዘር ሽጉጥ አዘዘ። የቀድሞው ሽጉጥ ጥይት 7.63 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጦሩ የሚጠቀምበት ጥይት 9 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አዲሱ በ9 ልክ ተሠራ። ሁለቱ ሽጉጦች ግን በመልክ አይለያዩም። የጥይቱ ልክ በሣጥንና በጥቅል ወረቀት ላይ ቢጻፍም፥ በጉድጓድ ለሚዋጋ ወታደር ሣጥኑ ወዲያው ይጣላል፤ ወረቀቱም በዝናብ ይበሰብሳል። ስለዚህ በእጀታው እንጨት ላይ ትልቅ 9 ተቀርጾ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ሽጉጡን የያዘ ሰው ጥይት ሳያጎርስ በፊት እንዲያየው ነው። በእነዚህም ማነጣጠሪያ ላይ የተጻፈው ርቀት እስከ 500 ብቻ ነው።

ይህች 9 ገዢ ለመጥራት አልተጻፈችም፤ የሠሪውን ክብርም አትናገርም። የያዛትን ሰው ከስሕተት ትጠብቀዋለች፤ ይኸው ነው። ነገር ግን እርስዋም ከንግድ አላመለጠችም። ዛሬ አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች ስለሚፈልጉአት፥ አዲስ እጀታ ላይ ቀይ 9 እየተቀረጸ ይሸጣል፤ ለማስጠንቀቅ የተጻፈው ዋጋ ለማብዛት ተጻፈ።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው የተጻፈውን ሲያነብ ምን ይላል ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ለማን ጥቅም ተጻፈ ብሎም ይጠይቃል። 1000 ለሻጩ ተጻፈ፤ 9 ለተሸካሚው ተጻፈ። ሁለቱም በአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው ቃል የሰውን ምኞት አሰፋ፤ የሁለተኛው ግን የሰውን እጅ ጠበቀ። ቃል የሚጽፍ ሁሉ፥ በብረትም ይሁን በብራና፥ ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ አይጽፍም።