ሳንቲም ላይ ያለው ዓመት የልደት ቀን አይደለም

ቤታችሁ አንድ አሮጌ ጣሳ ወይም ብዙ የማይከፈት መሳቢያ ካለ ሳንቲም አይጠፋውም። በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ለባለሱቅ አሥር ሳንቲም ብትዘረጉለት ፈገግ ይላል እንጂ አይቀበላችሁም። ለመልስም ሳንቲም ከመፈለግ ማስቲካ መስጠት ይቀለዋል። ገንዘብነታቸው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ታሪክነታቸውን ግን ገና አላነበብነውም።

እስቲ ከጣሳው አንድ አንሱና ብርሃን ላይ ያዙት። የአንበሳ ራስ ባለበት በኩል ብዙ ጊዜ ፲፱፻፷፱ የሚል የግዕዝ ቁጥር ታገኛላችሁ። አነባበቡ ቀላል ነው። ፲ አሥር፣ ፱ ዘጠኝ፤ አንድ ላይ አሥራ ዘጠኝ። ፻ መቶ ነው፤ ስንት መቶ እንደሆነ የሚነግረን ከፊቱ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ ፷ ስድሳ፣ ፱ ዘጠኝ። በቃ፣ 1969 ማለት ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ የምልክቶቹም መነሻ የግሪክ ፊደላት ናቸው።

የውጭ አገር ሰብሳቢ እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛ፣ ዓመቱን በራሱ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ በፈረንጆቹ 1976/77 መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛውን ስህተት ግን እኛም እንሳሳተዋለን፤ ሳንቲሙ የግድ በዚያ ዓመት የተሠራ ይመስለናል። በአገራችን የገንዘብ ታሪክ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ዘመኑ ሲሄድ ዓመቱ ሳንቲሙ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ 1780፣ 1936 እና 1969። ሦስቱን ማንበብ የቻለ ሰው፣ ያለ ብዙ ወጪ ጥሩ ሰብሳቢ መሆን ጀምሯል።

1780፦ ከሞተች በኋላም ያልተለወጠችው ንግሥት

አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት ገንዘብ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ምስሏ ያለበት ብር ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ 1780 ይዞ መቀረጹን ቀጠለ፤ ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች።

ምክንያቱ ገበያ ነው። ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ያለው ነጋዴ የለመደው ይህችኑ ሴት ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ፣ ዕንቁዎቹን ጭምር አጣርቶ አይቶ ነው የሚቀበለው። ትንሽ ነገር ቢለወጥ ‹ይሄ ሌላ ነው› ብሎ ይመልሳል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ አለበት። ከዳሩ ብር ፍቆ መስረቅ የፈለገ ሰው ጽሑፉን ሳያበላሽ ስለማይችል ወዲያው ይነቃበታል።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አስቀረጹ፤ ላዩ ላይ ፲፰፻፹፯ ይላል። ሆኖም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። በኋላ ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ መቅረጫውን ከኦስትሪያ አግኝታ ሮም ውስጥ ይህንኑ ብር መቅረጽ ጀመረች። ለንደንና ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። አስቡት እንግዲህ፦ አያታችሁ አንገት ላይ የነበረው ባለ 1780 ብር ከቴዎድሮስ ዘመን በፊት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወራሪው ጦር ይዞት የገባም ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም።

ስሙ ራሱ ያስገርማል። ‹ብር› ማለት ማዕድኑ ነበር። ዛሬ ወረቀቱንም፣ ስልካችን ላይ የሚታየውን ቁጥርም ብር እንላለን። ብሩ ሄዶ ስሙ ቀረ።

1936፦ ስሙኒ ለምን ጥርስ አወጣ?

ኢጣሊያ ከተባረረች በኋላ አገራችን ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሒሳቡን ሥሩት፤ ሃምሳ ሳንቲም ልክ አንድ ሽልንግ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው ሽልንጉ ከጠፋ ከስንት ዓመት በኋላም ሃምሳ ሳንቲምን ‹ሽልንግ› እያለ የኖረው ወዶ አይደለም።

የዚያ ዘመን ሳንቲሞች በአንድ በኩል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ በሌላው በኩል አንበሳውን ይዘዋል። ዓመታቸው ፲፱፻፴፮ ነው። እስከ አብዮቱ ድረስ ዓመቱ አልተነካም፤ በ1940ዎቹ የወጣውም በ1960ዎቹ የወጣውም ያው 1936 ይላል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? አንዱ ምስክር ጠርዙ ነው። ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር፣ ሃያ አምስቱ ማለትም ስሙኒው ከመዳብ የተሠሩ ነበሩ። ስሙኒው መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር። በመጠን ከሃምሳው ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ያምታታ ጀመር። መፍትሔው ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ማድረግ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጨለማም ቢሆን፣ ማየት የተሳነው ሰውም ቢሆን፣ በጣቱ ዳስሶ ይለየው ጀመር። ባለ 1936 ክብ ስሙኒ ካጋጠማችሁ፣ ስህተቱ ሳይታረም በፊት የወጣውን ነው ያገኛችሁት።

1969፦ በኪስ የሚገባ ፖስተር

አሁን ወደ ጣሳችን እንመለስ። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች አምስት ናቸው፤ በተርታ ደርድሯቸው። ባለ አንዱ ቀላል አሉሚኒየም ነው፤ ላዩ ላይ ገበሬ በጥማድ በሬ ያርሳል። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ባለ አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ። ባለ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፤ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት፤ ሃምሳው ላይ አንድ ላይ የቆሙ ሰዎች። ንጉሡ ጠፍተዋል፣ ዘውዱ ጠፍቷል፣ አንበሳው ግን አለ።

1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በየመንገዱ የተገደሉበት ዓመትም ነው። ሳንቲሞቹ ላይ ከዚህ አንዱም የለም። ሳንቲም፣ መንግሥት ራሱን እንዴት ማየት እንደሚወድ የሚያሳይ ሥዕል ነው። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም ያነባል፤ የተቀረጸውንም የተተወውንም።

ዓመቱ ይኸው ሆኖ ሳለ የቀረጻቸው ግን አንድ ፋብሪካ አይደለም። የአሜሪካው ፍራንክሊን ሚንት፣ የእንግሊዙ ሮያል ሚንትና የበርሊኑ ፋብሪካ እጃቸው አለበት። ልዩነቱ አንበሳው ላይ ይታያል። የአንዱ ራስ ተለቅ ይላል፤ የአንዱ የአገጭ ጢም ሁለት ረዘም ያሉ ዘለላዎች አሉት፤ የሌላው እኩል ነው። አጉሊ መነጽር ካላችሁ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ይበቃችኋል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ባለ ጠመንጃው ሰውዬ ግን አምስት ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀረ። እንደ 1996 እና 2000 ያሉ ዓመቶች ሳንቲሞቹ ላይ ሲመጡም ሥዕሎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተቀየረው ውስጡ ነው። ከፍሪጅ ላይ አንድ ማግኔት ነቅላችሁ ሞክሩት። የ1969ኙን አሥር ሳንቲም አይስበውም፤ ነሐስማ ቀለም ያለው ቅይጥ ነው። አዲሶቹን ይስባቸዋል፤ ከላይ ተለብጠው ነው እንጂ ውስጣቸው ብረት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወረቀት ብሮቹ ሲቀየሩም ሳንቲሞቹን የነካቸው የለም።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ

ሳንቲም መሰብሰብ ሀብታም አይጠይቅም። ከዱባይ የተመለሰች እህት ቦርሳ ውስጥ የቀረ አንድ ድርሃም ካለ፣ ላዩ ላይ የዓረቦቹን የቡና ማፍያ ታያላችሁ፤ ከኛ ጀበና አጠገብ አስቀምጡና አወዳድሩት። የኬንያ ሳንቲም ካገኛችሁ ዓመቱን እዩ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥታቸው በገንዘብ ላይ የሰው ምስል ከለከለ፤ በ2018 የወጡት ላይ በፕሬዚዳንቶቹ ቦታ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን ገቡ። የኦማን ሳንቲም ደግሞ ‹ባይሳ› ይባላል። ‹ቤሳ ቤስቲን የለኝም› ስትሉ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ከሕንዱ ፓይሳ ጀምሮ ሲዞር የኖረውን ያንኑ ቃል ነው የምትጠሩት።

ለመጀመር ጥቂት ነገር ይበቃል። ሳንቲሙን በሎሚ ወይም በአመድ አትፈትጉት፤ የሚያብረቀርቅ ይመስላል እንጂ የዘመን ቆዳውን ነው የምትልጡት። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ በቂ ነው። ለየብቻቸው በወረቀት ፖስታ አድርጉና ከማንና ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉበት። ማስታወሻ የሌለው ሳንቲም ግማሽ ታሪኩን አጥቷል። የአክሱም ሳንቲም ነው ብሎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ቅርስ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ቦታው ሙዚየም ነው።

ውዱን ነገር የሚጠብቅለት ሰው አያጣም። የወርቅ ሳንቲም ካዝና አለው። አንድ ሳንቲም ላይ ላለው ገበሬ ግን ማንም ካዝና አልሠራለትም። ማርትሬዛው ለጌጥ ሲቀልጥ ኖሯል፤ የቀረው ለቁራሌው ይሰጣል። ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም፤ ‹ነፋስ ስልክ› የሚለው ስሙ ግን በሕዝብ አፍ ስለኖረ አልጠፋም። ሳንቲም እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በአፍ አይቆይም፤ በእጅ ካልተያዘ የለም። ስለዚህ ጣሳውን ከመጣላችሁ በፊት ዓመቶቹን አንብቡ፤ ከየዓይነቱም አንድ አንድ አስቀሩ።